ልጄ የምትወጋውን ኢንሱሊን ከሞለኪውሉ ጀምሮ ማወቃችን የጠቀመን

ከመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር የምትኖር ልጅ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የቤቴን ጭንቀትና የሙያዬን ትምህርት ያገናኘልኝ ሪቻርድ ዲማርኪ የተባሉ አሜሪካዊ የፔፕታይድ ኬሚስት የሠሩትን ማንበቤ ነው። በክትትል ክፍል እንዲህ አድርጉ፣ ይህን አታድርጉ እየተባልን የምንቀበላቸው ምክሮች አብዛኞቹ ከአንድ ሞለኪውል ጠባይ የሚመነጩ መሆናቸውን ከዚያ በኋላ ነው በሚገባ ያየሁት። ምክንያቱን ያወቀ ወላጅ መብራት ሲጠፋም፣ መንገድ ሲዘጋም፣ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋም ምን ማድረግ እንዳለበት ይገባዋል ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌአለሁ። የመርፌውን መጠን የሚወስነው ግን ሐኪም ብቻ ነው፤ እኔ በዚያ አልገባም።

ኢንሱሊን ፔፕታይድ ነው፤ ማለትም አሚኖ አሲዶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ነው። በጠቅላላው 51 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት 21ዱ ኤ በሚባለው፣ 30ዎቹ ቢ በሚባለው ሰንሰለት ላይ ተደርድረዋል፤ ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚያያይዟቸው ከሰልፈር አተሞች የተሠሩ ሁለት ድልድዮች ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ድልድይ እዚያው ኤ ሰንሰለት ውስጥ ይገኛል። ለልጄ ያስረዳኋት በአያቷ መቁጠሪያ ነው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ የዶቃዎቹ ተራ ሲለወጥ መቁጠሪያውም ሌላ ይሆናል። ይህን ተራ አንድ በአንድ ለይተው ያወቁት እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ዶሮቲ ሆጅኪን በ1969 ሞለኪውሉ እንዴት እንደሚታጠፍ በኤክስሬይ አሳዩ። ብሩስ ሜሪፊልድ ደግሞ በ1963 የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ ከደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ጋር አያይዞ አሚኖ አሲዶቹን በየተራ የመቀጠልን ዘዴ አወጡ። ከዚህ ወዲህ ፔፕታይድ ከእንስሳ ቆሽት ብቻ የሚጨመቅ ነገር መሆኑ ቀርቶ ኬሚስት እንደ ፈቃዱ የሚሠራው ነገር ሆነ።

ልጄ ትንሽ ከፍ ስትል የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን እንደ ሌሎች መድኃኒቶች በክኒን እንደማይሰጣት ነበር። መልሱ ከኬሚስትሪው ይመጣል። ሥጋና ሽሮ ስንበላ ጨጓራችንና አንጀታችን የፕሮቲንን ሰንሰለት የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ፤ እነዚህ ኢንዛይሞች ምሳን ከመድኃኒት አይለዩም፤ ኢንሱሊንንም እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ቆራርጠው ወደ አሚኖ አሲድነት ይመልሱታል። ስለዚህ ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ይወጋል። ኢንሱሊንን የሚተካ ቅጠል ወይም ዱቄት አለን የሚሉ ሻጮች ሲያጋጥሙን ልጄ ራሷ ይህን ታስረዳቸዋለች።

አሁን ወደ ፕሮፌሰር ዲማርኪ ልመለስ። ልጄ የምትወጋው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ውሃ የመሰለው ኩልል ያለው ሬጉላር፣ ሁለተኛው ነጭና ድፍርስ የሆነው ኤንፒኤች። ሬጉላሩን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እንድትወጋ ታዛለች። ለምን ግማሽ ሰዓት? የኢንሱሊን ሞለኪውሎች በብልቃጡ ውስጥ ለየብቻቸው አይንሳፈፉም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፣ ሦስት ጥንዶች ደግሞ በዚንክ አተም ዙሪያ ተሰባስበው ስድስት ስድስት ይሆናሉ። ስድስቱ አንድ ላይ እስካሉ ድረስ በቀላሉ ወደ ደም ሥር ለመግባት ይተልቃሉ፤ ከቆዳ ሥር ቀስ በቀስ እየሳሱ አንድ አንድ ሆነው እስኪለያዩ ጊዜ ይፈልጋሉ። ግማሹ ሰዓት የሚያልፈው በዚህ መለያየት ነው። ተወግታ ወዲያው የምትበላ ልጅ የእንጀራው ስኳር ቀድሞ ደሟ ውስጥ ይገባል፣ ኢንሱሊኑ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከምግብ በኋላ መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ከዚያም ምግቡ ካለቀ በኋላ የዘገየው ኢንሱሊን ስኳሯን ያወርደዋል።

ዲማርኪ ኢላይ ሊሊ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር የያዙት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሞለኪውሎቹ ሥራቸውን ሳይለቁ መጣበቃቸውን ብቻ እንዲተዉ ማድረግ ይቻላል ወይ? መንገዱን ያሳያቸው ኢንሱሊንን በቅርጹ የሚመስል፣ አይጂኤፍ-1 የሚባል ሌላ የሰውነታችን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን እንደ ኢንሱሊን እርስ በርሱ አይጣበቅም፤ ሲመረመርም በቢ ሰንሰለት ጫፍ አካባቢ ያሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ከኢንሱሊን ጋር ሲነጻጸሩ ቦታ ተለዋውጠው ተገኙ። በሰው ኢንሱሊን ላይ 28ኛው ፕሮሊን፣ 29ኛው ላይሲን ነው። እነርሱም ሁለቱን አቀያየሯቸው፤ ከ51 ዶቃዎች ሁለት ጎረቤታሞች ቦታ ተለዋወጡ፣ ሌላ ምንም አልተነካም። ሊስፕሮ የሚባለው ፈጣን ኢንሱሊን የተገኘው እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕክምና ተፈቀደ። ሞለኪውሎቹ ከቆዳ ሥር ቶሎ ስለሚበታተኑ ተወግቶ ወዲያው መብላት ይቻላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚደንቀኝ የለውጡ ማነስ ነው፤ አንድ ሰው በየቀኑ ገበታ ላይ የሚጠብቀው ግማሽ ሰዓት ያለው በሁለት አሚኖ አሲዶች ተራ ላይ መሆኑን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እኛ ቤት ሊስፕሮ የለም፤ የምንጠቀመው ሬጉላር ነው። ስለዚህ ግማሹን ሰዓት በቀን ውሎአችን ውስጥ አስገባነው። ጠዋት ልጄ ስኳሯን ትለካለች፣ ትወጋለች፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን ስታሰናዳ ግማሹ ሰዓት ያልቃል፤ ያኔ ቁርሷ ይቀርባል። ሲለካ ስኳሯ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፤ በቅድሚያ ትበላለች። ለእንግዳ ስትጠራ ደግሞ ምግቡ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ አስቀድመን ጠይቀን ነው የምትወጋው፤ በጎንደር ድግስ ወጡ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጨዋታ ስላለ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

ነጩ ኤንፒኤች በተቃራኒው እንዲዘገይ ተብሎ የተሠራ ነው። ኢንሱሊኑ ፕሮታሚን ከሚባል ከዓሣ ከሚገኝ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል፤ ብናኙ ከቆዳ ሥር እየሟሟ ለብዙ ሰዓታት ይሠራል። በርትቶ የሚሠራበት ሰዓት ከተወጋ ከአራት ሰዓት ያህል በኋላ ስለሚጀምር ጠዋት ኤንፒኤች የተወጋ ልጅ ምሳውን መዝለል አይችልም። ብናኙ ከብልቃጡ ሥር ስለሚዘቅጥ ከመቅዳት በፊት በሁለት መዳፍ መካከል በዝግታ ማንከባለል ያስፈልጋል። በኃይል መነቅነቅ ግን አረፋ ያመጣል፤ ፔፕታይዱም አየርና ፈሳሽ በሚገናኙበት ቦታ ተዘርግቶ እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ ስንቀላቅል ኩልል ያለውን አስቀድመን፣ ነጩን አስከትለን የምንቀዳውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከነጩ ብልቃጥ የተረፈ ፕሮታሚን ኩልል ባለው ብልቃጥ ውስጥ ከገባ ፈጣኑን እየያዘ ያዘገየዋል። ኩልል ያለ ሁሉ ፈጣን ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ ደግሞ አደራ እላለሁ። ግላርጂን የሚባለው ዘመናዊ ኢንሱሊን በብልቃጡ ውስጥ አሲድ ባለው ፈሳሽ ሟምቶ ኩልል ይላል፤ ሰውነት ውስጥ አሲዱ ሲጠፋ ግን ከቆዳ ሥር ስለሚዘቅጥ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው፤ ከሌላ ኢንሱሊን ጋርም በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም።

አንድ ቀን ከአንድ መድኃኒት ቤት የገዛነውን አዲስ የኤንፒኤች ብልቃጥ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀረብኩ። ለረጅም ጊዜ አንከባለልኩት፤ ወተት መስሎ አንድ ወጥ መሆን ሲገባው ነጫጭ ቁርጥራጮች በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፉ ነበር፣ በብልቃጡ ግድግዳ ላይም ስስ ነጭ ነገር ተለጥፎ ቀረ። ቀኑ አላለፈበትም፣ ክዳኑም እንደ ታሸገ ነበር። ተመልሼ ስጠይቅ ፍሪጁ ውስጥ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ እንደ ነበር ታወቀ። ኢንሱሊን አንዴ ከበረደና በረዶ ከሠራ በኋላ ቢቀልጥም አይመለስም፤ ብናኞቹ ተጣብቀዋል፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ ምን ያህል እንደሚወጣ አይታወቅም። ሻጩም ሳይከራከር ለወጠልን። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤት ቆሜ ብልቃጡን አንከባልዬ ወደ ብርሃን አንሥቼ ሳላይ አልከፍልም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ኩልል ያለው ዓይነት ደመና መስሎ ከታየ ወይም ቀለም ከያዘ እሱም አይወጋም።

ሙቀትን በተመለከተ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ብዙውን ጊዜ በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ትክክለኛው ጊዜ በማሸጊያው ውስጥ ባለው ወረቀት ተጽፏል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የተከፈተ ብልቃጥ ጥላ ያለበት ቦታ ማስቀመጥ አያስቸግርም። የባለቤቴ ወንድም ግን የሚኖረው መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውሃ ነው፤ እሱም ኢንሱሊን ይወጋል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ፔፕታይዱ በሙቀት ከተፈጥሮ እጥፋቱ እየተፈታ ክር መሰል ነገር ሆኖ ይጣበቃል፤ ያ ክር ስኳርን አያወርድም። ፍሪጅ ስለሌለው በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጦ መካከሉን በአሸዋ ሞላው፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣዋል፣ ብልቃጡን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ከውስጠኛው ሸክላ ያኖረዋል፣ በእርጥብ ጨርቅም ይከድነዋል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ከውጭው ይቀዘቅዛል፤ በደረቅ ወራት በደንብ ይሠራል፣ በክረምት አየሩ ርጥበት ስለሚሞላ ጉልበቱ ይቀንሳል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መድኃኒቴ ተበላሸ ብሎ መርፌውን እንዳያቋርጥ የሚያበረታ ጥናት አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በኬንያ የዳዳብ የስደተኞች መጠለያ የሚታየውን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቅ ሙቀት መስለው ኢንሱሊንን ለአራት ሳምንት ፈተሹት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ውጤት ከፍሪጅ ከተቀመጠው ጋር ሲነጻጸር ኃይሉ አልቀነሰም። 37 ዲግሪን ካለፈ ግን ይህ ጥናት አይሸፍነውም፤ የሸክላው ሥራ ከዚያ በታች ማቆየት ነው። በአውቶቡስ ስትጓዙ ብልቃጡን ከጣራ ላይ ጭነት ጋር አትስደዱት፤ በእጅ ቦርሳ ያዙት።

ሌላው በእኛ አካባቢ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ጉዳይ ጠበልና ጾም ነው። እኛ አማኞች ነን፣ ልጄም ጠበል ትጠመቃለች፤ ነገር ግን አንዲት መርፌ አልዘለለችም። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት አጥቷል፤ መርፌው ከቆመ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስቡን ማቃጠል ይጀምራል፣ ደሙም በአሲድ ይሞላል። የውሃ ጥምና ሽንት መብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ትንፋሽ ከታየ የጥቂት ሰዓታት መዘግየት ሕይወት ያሳጣል፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የንስሐ አባታችንን ስንጠይቃቸው ለታመመ ጾም እንደማይታዘዝ ነግረው፣ በሰዓቷ እንድትበላ ፈቅደው፣ መርፌዋን እንዳታቋርጥ ራሳቸው አስጠነቀቋት። የእኔ ቃል ካላሳመነ አንድ ካህን ቢጠየቁ ጥሩ ነው።

ስኳር ሲወርድ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ፔፕታይድ ነው፤ ግሉካጎን ይባላል፣ 29 አሚኖ አሲዶች አሉት፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያዛል። ይህ ፔፕታይድ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ክር እየሠራ ስለሚበላሽ ለረጅም ዘመን በዱቄት መልክ ተሽጦ በጭንቅ ሰዓት የሚበጠበጥ ነበር፤ ዲማርኪ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ በውሃ የሚሟሟና የሚጸና ግሉካጎን ማግኘት ነበር። እኔ እዚህ ግሉካጎን ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ መለኪያው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሲያሳይ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ሲታይባት ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን እንሰጣታለን፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እንለካለን፣ ካልወጣም እንደግማለን። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ይህን የልጄ ክፍል ኃላፊና አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ያውቃሉ።

በቅርብ ጊዜ ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ በሳምንት አንዴ ስለሚወጋው አዲስ መድኃኒት ነው። ጎረቤታችን እማማ፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ከውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ስልክ ደውላ ነግራቸው ነበር። ይህም የፔፕታይድ ሥራ ነው። ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ፔፕታይድ ያመነጫል፤ ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያነቃቃል፣ ጨጓራን ያዘገያል፣ ጥጋብንም ለአንጎል ያሳውቃል። ችግሩ በደም ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ከጫፉ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ስለሚቆርጥበት በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ከሥራ ውጭ መሆኑ ነው። ኬሚስቶች መቁረጫው ቦታ አጠገብ ያለውን አሚኖ አሲድ ኢንዛይሙ በማያውቀው ለወጡት፤ ከሰንሰለቱም ጎን ረጅም የስብ አሲድ አሰሩ፣ ስቡ አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ይዞ ስለሚጓዝ ፔፕታይዱ በኩላሊት ቶሎ አይወጣም። በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈቀደ።

ዲማርኪ በዚህ ላይ የጨመሩት ሐሳብ ደፋር ነበር። ከሐኪሙ ማቲያስ ቾፕ ጋር ሆነው የሁለት ሆርሞኖችን ሥራ በአንድ ሰንሰለት ላይ አዋሐዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጂኤልፒ-1ን ከግሉካጎን ጋር ያጣመረ ነበር፤ ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን ግሉካጎን ለስኳር በሽታና ለውፍረት መድኃኒት ማሰብ ብዙዎችን አስገርሟል፤ ግሉካጎን ግን ሰውነት ጉልበት እንዲያቃጥልም ስለሚያደርግ በአይጦች ላይ ክብደት ቀነሰ። በ2013 ደግሞ ጂአይፒ ከሚባለው የአንጀት ሆርሞን ጋር ያጣመረውን አሳወቁ። ዛሬ በዚያው ጎዳና የመጣው ቲርዜፓታይድ እ.ኤ.አ. በ2022 ተፈቅዶ በሥራ ላይ ነው።

ለእማማ የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው። እነዚህ መድኃኒቶች ቆሽቱ ገና ኢንሱሊን ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ ክብደት ለበዛበት ሁለተኛ ዓይነት ታማሚ የታሰቡ ናቸው። ለልጄ ኢንሱሊንን አይተኩላትም፤ የማይሠራን ሕዋስ አነቃቅቶ ኢንሱሊን ማስለቀቅ አይቻልምና። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ደግሞ ቀጫጭን፣ ድሃ የሆኑ፣ በልጅነታቸው በቂ ምግብ ያላገኙ የስኳር ታማሚዎች እንዳሉ የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት መዝግበዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ እ.ኤ.አ. በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ለእንዲህ ያለ ሰው የምግብ ፍላጎት የሚቀንስና ክብደት የሚያወርድ መርፌ ዘመድ ስለላከለት ብቻ መወጋቱ ጉዳት ነው። እማማ መድኃኒቱን ከመቀበላቸው በፊት ካርዳቸውን ይዘው ሐኪማቸውን አማከሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ምን እንላክ ብላችሁ ስትጠይቁን፣ የእኔ ቤት መልስ የመለኪያ ስትሪፕ ነው። ስትሪፕ በረዶ አይፈልግም፣ በሻንጣ ይመጣል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የማሽናችንን ስም ጠይቁን፣ የአንዱ ስትሪፕ በሌላው ማሽን አይሠራምና፤ የሚያበቃበትንም ቀን ተመልከቱ። ኢንሱሊን መላክ የግድ ከሆነ ዓይነቱን የልጁ ሐኪም በስሙ ይንገራችሁ፤ ብልቃጡ በእጅ ቦርሳ ይጓዝ፣ ማቀዝቀዣ ከያዛችሁም በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካው በመካከል ወፍራም ጨርቅ አድርጉበት።